የካልሲ ኳስና ስድስት ኮን፦ ፈጣን መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ የሚረዱ ሰዎችን እንዴት እንደማሠለጥን

ከዓመታት በፊት ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ በሚመጣው መስመር አንድ ፒክአፕ ተገልብጦ ደረስን። የአምቡላንሱ ሹፌር እኔ ነበርኩ። ከፒክአፑ ኋላ አቆምኩ። የኋላ በሮቹን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ቃሬዛውን ላወጣ ጎንበስ አልኩ። ትንሽ ፈቀቅ እንዳልኩ አንድ ሲኖትራክ በአጠገቤ አለፈ፤ ነፋሱ ገፈተረኝ። ቀና ስል አንደኛው በር ቦታው ላይ የለም። ወዲያ ማዶ አስፋልት ላይ ተጋድሟል። ከግማሽ ደቂቃ በፊት በዚያ በር ሥር የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ማንም አልተጎዳም። ፒክአፑን ይነዳ የነበረው ሰውዬ እንኳ ክንዱን ብቻ ነበር የተሰበረው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ደም ማቆም ተምሬያለሁ። አንገት ማሰር ተምሬያለሁ። መኪና በሚበርበት መንገድ ላይ የት መቆም እንዳለብኝ ግን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም።

አሁን መንዳቱን ቀንሼ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። በየጊዜው «እንዴት ነው የምታደርገው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እዚህ ላይ ልዘርግፈው። የምጽፈው ስለማውቀው መንገድ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለተከፈተው ከአዲስ አበባ አዳማ ስለሚወስደው። በአንድ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ አለው፤ መሃሉ በአካፋይ ተለይቷል፤ በሰዓት ለ120 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተነደፈ ነው። በሌላ መንገድ የምትሠሩ ከሆነ ለራሳችሁ እንዲሆን አስተካክሉት።

ማንን ልጥራ?

መጀመሪያ ሳሠለጥን የጠራሁት የአምቡላንስ ሠራተኞችን ብቻ ነበር። ልጆቹ ጎበዝ ሆነው ወጡ። ከዚያ እውነተኛ አደጋ ላይ ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊሱ «አምቡላንሱን አንሱ፣ መንገድ ዘጋችሁ» ይላቸዋል። እነሱ «ጋሼ መንገዱን ዝጉ ብለውናል» ይላሉ። ክርክሩ የተካሄደው ረድፉ መሃል ላይ ቆመው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትራፊኩ ያልነበረበትን ትምህርት አስተምሬ፣ ትራፊኩ ያለበት ቦታ ላኳቸው።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምጠራው። አምቡላንስ፣ እሳት አደጋ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ የመንገዱ ድርጅት ሠራተኛ፣ ክሬን የሚነዳ ሰው። አሜሪካኖችም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገራቸው የሚሰጡት ሥልጠና እንዲሁ ነው፤ ፖሊሱንና መኪና ጎታቹን አንድ ክፍል ያስቀምጧቸዋል። የክሬን ሹፌሩን እንዳትረሱት። ከሁላችንም በላይ አስፋልት ላይ በጉልበቱ የሚንበረከከው እሱ ነው፤ ለሥልጠና የሚጠራው ግን የለም።

ከ16 እስከ 20 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ግማሹ ቆሞ ያያል፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል።

ጠዋት፦ ድልድዩ ላይ

ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አላስቀምጣቸውም። ስላይድ የሚባለውን ነገር ትቼዋለሁ። በቀጥታ ከፈጣን መንገዱ በላይ ወደሚያልፍ ድልድይ እወስዳቸዋለሁ። ለዚህ አስቀድማችሁ የመንገዱን ድርጅትና ትራፊክ ፖሊስን ፈቃድ ጠይቁ፤ ሰዎቹ ከድልድዩ አጥር ውስጥ ይቁሙ፣ ማንም ወደታች አይወርድም።

ከላይ ሆናችሁ ታች ሁለት ምልክት ምረጡ፤ በመካከላቸው 100 ሜትር ይኑር። ርቀቱን የመንገዱ ሰዎች ይነግሯችኋል። ከዚያ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። አንድ መኪና 100 ሜትሩን በ3.6 ሰከንድ ከጨረሰ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። በ3 ሰከንድ ከጨረሰ 120። ከመለካታቸው በፊት ግን በዐይናቸው ይገምቱ። «ይሄ ሰባ ቢሄድ ነው» ይላሉ። ይለካሉ። ዝም ይላሉ።

ቀጥሎ አንዱን ልጅ እጠራና «ጓንት ልበስ» እለዋለሁ። ሌሎቹ ይቆጥሩለታል። ላብ ባለው እጅ ጓንት መልበስ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይፈጃል። በ10 ሰከንድ ውስጥ በ100 የሚነዳ መኪና 280 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጎንበስ ብለህ ጓንት ስትለብስ ሩቅ እንደ ነጥብ የነበረው መኪና እግርህ ሥር ደርሷል ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ይረሱታል። ድልድዩ ላይ ቆመው ሲያዩት አይረሱትም።

የማቆሚያውንም ነገር እዚያው ንገሯቸው። በ100 የሚሄድ የቤት መኪና ሹፌሩ ነቅቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ፍሬኑ ደህና ሆኖ እንኳ ለመቆም ወደ 100 ሜትር ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 40 ሜትሩ ገና እግሩ ፍሬን ላይ ሳያርፍ የሚያልቅ ነው። ዝናብ ካለ ይረዝማል። የተጫነ ተሳቢ ከሆነማ አታንሱት። ጫት እየቃመ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሹፌር ከሆነ ደግሞ ፍሬኑን ስለመርገጡም እርግጠኛ አይደለሁም።

ቆርኪና የክብሪት ቀፎ

ከድልድዩ መልስ ሻይ ቤት እንገባለን። ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ሦስት ረድፍ እስላለሁ። የክብሪት ቀፎ አምቡላንስ ነው። ትልቁ የሲጋራ ፓኮ የእሳት አደጋ መኪና ነው። ቆርኪዎቹ ኮን፣ ማለትም መንገድ ለመዝጋት የሚደረደረው የፕላስቲክ ሾጣጣ፣ ናቸው። ሳቅ ይበዛል፤ ይሁን።

እዚህ የምንለማመደው በመጀመሪያ የስልክ ጥሪውን ነው። አንዱ ደዋይ ይሆናል፣ አንዱ ተቀባይ። ደዋዩ «ቢሾፍቱ ጋ አደጋ አለ፣ ቶሎ ድረሱ!» ብሎ ይዘጋል። እንዲህ ነው የሚደወለው። አንድ ጊዜ ይህን ብቻ ሰምተን ወጣን። ስንደርስ አደጋው ከአካፋዩ ወዲያ ማዶ ነው። ቁስለኛው ይታየናል፣ እጁን ያውለበልብልናል። መሻገር አይቻልም። እስከሚቀጥለው መውጫ ሄደን፣ ዞረን፣ የክፍያውን በር አልፈን ተመለስን። ያ ሰው እያየን ጥለነው የሄድን ነው የመሰለው።

ስለዚህ ተቀባዩ ደዋዩን ሳይለቅ እነዚህን ይጠይቅ። ወደ አዳማ ነው ወይስ ወደ አዲስ አበባ? የትኛውን መውጫ አልፋችሁ ነው? የኪሎ ሜትር ምልክት ይታይሃል? የትኛው ረድፍ ላይ ነው? ስንት መኪና ነው? ቦቴ አለበት? ረድፉን ሁላችንም አንድ ዓይነት እንቁጠር፤ እኔ ከአካፋዩ ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው የምለው። «የቀኙ» «የዳሩ» «የውጪው» እያሉ ሦስት ሰዎች ሦስት ረድፍ ያስባሉ። ስልኮቹንም በቃላቸው ይያዙ፦ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939።

ሜዳው

ከምሳ በኋላ ዋናው ነገር ይጀመራል። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሜዳ ብታገኙ ጥሩ ነው። ኳስ ሜዳም ይሆናል። በኖራ ሦስት ረድፍና የመንገድ ዳር አስምሩ። መኪኖቹ እውነተኛ ይሁኑ፤ ያለ መኪና የተሠለጠነ ሰው ስለ በር አያስብም።

እዚህ ላይ ነው የካልሲ ኳሱ የሚመጣው። ልጅ ሆነን ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀን የምንጫወትበት ኳስ። ሦስት አራት አዘጋጃለሁ። አንድ ሰው ኳሶቹን ይዞ መኪና በሚመጣበት በኩል ይቆማል። ሕጉ አንድ ነው፦ ጀርባውን ለሚመጣ መኪና የሰጠ ሰው ኳሱን ይቀምሳል። ነርስም ይሁን ኢንስፔክተር። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይመታል። አንዲት የእሳት አደጋ ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት ሰባት ጊዜ ተመታች። በስምንተኛው ላይ ቀድማ ዘወር ብላ ኳሱን ቀለበችው። «ጋሼ፣ አሁን ጆሮዬ ኋላዬ ሆኗል» አለችኝ። የምፈልገው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ከመኪና መውረድ ነው። አትሳቁ። እኛ አገር መሪው በግራ ነው፣ የምንነዳው በቀኝ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ቀኝ ዳር ስትቆሙ የሹፌሩ በር የሚከፈተው መኪና ወደሚበርበት በኩል ነው። ከቻለ ሹፌሩ በቀኙ በር ይውረድ። ካልቻለ መስታወት ይይ፣ ይጠብቅ፣ በሩን በስሱ ይክፈት፣ ወርዶ ወዲያው ይዝጋ። አንጸባራቂ ሰደርያው መኪና ውስጥ እያሉ ነው የሚለበሰው፤ ወርዶ ከኋላ ኪስ የሚፈልግ ሰው ኳስ ይገባዋል። ይህችን ብቻ አሥር አሥር ጊዜ አስደርጋቸዋለሁ። ይሰለቻሉ። ሲሰለቻቸው ሰውነታቸው ይዞታል ማለት ነው።

ሁለተኛው መኪናን እንደ ግድግዳ መጠቀም ነው። በጣም የማጠፋው ጊዜ እዚህ ነው።

ከባዱ መኪና፣ አብዛኛውን ጊዜ የእሳት አደጋው፣ ከአደጋው በፊት ይቆማል። «በፊት» ስል መኪኖች በሚመጡበት በኩል ማለቴ ነው። ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ይቁም። ከሩቅ ለሚያየው ሹፌር ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና የሚሄድ መኪና ይመስላል፤ ሰያፍ የቆመ ግን መቆሙ ያስታውቃል። የፊት ጎማዎቹ ከሠራተኞቹ ተቃራኒ ይጠምዘዙ። ከኋላ ቢመታ ወደ ሠራተኞቹ እንዳይንደረደር ነው። በእሱና በአደጋው መካከል ባዶ ቦታ ይተው፤ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ሰው አይገባም፣ ዕቃ አይቀመጥም፣ ሲጋራ አይጨስም።

ስንት ረድፍ ይዘጋ? የተያዘውን ረድፍና አንድ ተጨማሪ። አደጋው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ዝጉ። እዚህ ላይ ትራፊክ ፖሊሶቹ ሁልጊዜ ይከራከሩኛል። ሰልፉ ይረዝማል፣ ከሰልፉ ጭራ ሌላ ግጭት ይመጣል ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ የምላቸው ግን፣ መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ዝጉና ቁስለኛው እንደተነሳ ቶሎ መልሱ። ጠባብ ዘግቶ በኋላ ማስፋት ግን መኪና እየበረረ ስለሆነ አይቻልም። አንድ ፖሊስ ከሰልፉ ጭራ ጋር አብሮ ወደኋላ እየሄደ፣ ከመንገዱ ዳር ሆኖ፣ መብራቱን እያበራ የሚመጡትን ያስጠንቅቅ። ጭራው ጠባቂ ከሌለው ያለ ጥርጥር ሁለተኛ አደጋ ይመጣል።

አምቡላንሱ የሚቆመው ከአደጋው ወዲያ፣ መኪኖች አልፈው በሚሄዱበት በኩል ነው። ማለትም ግድግዳው አለ፣ አደጋው አለ፣ ከዚያ አምቡላንሱ። ቃሬዛ የሚገባበት በር ከመኪናው ጎርፍ የተከለለ ይሆናል። እኔ ያን ምሽት ያደረግሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር።

«ጋሼ፣ የእሳት አደጋ መኪና ባይኖርስ? እኛ ቀድመን ብቻችንን ብንደርስስ?» ይሉኛል ሁልጊዜ። ብዙውን ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው። እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ጥሩ መልስ የለም፣ ከመጥፎዎቹ የሚሻለው ነው ያለው። ግድግዳ እስኪመጣ አምቡላንሱ ራሱ ግድግዳ ይሁን። ከአደጋው በፊት፣ ራቅ ብሎ፣ ሰያፍ ይቁም፤ ውስጡ ሰው አይቅር። ሹፌሩ ኮን ይዘርጋ፣ ባለሙያው ወደ ቁስለኛው ይሂድ። ከባድ መኪና ሲደርስ አምቡላንሱ አልፎ ወደፊት ይሂድ። የተመታ አምቡላንስ ይጠገናል ወይም አይጠገንም፤ ሒሳቡን ለአለቆቻችሁ ተዉላቸው።

ስድስት ኮን

አምቡላንስ ላይ ስድስት ኮን ካለ ትልቅ ነገር ነው። በመመሪያ መጻሕፍት መሠረት በ100 ለሚነዳበት መንገድ አንድ ረድፍ ቀስ ብሎ ለመዝጋት ከ200 ሜትር በላይ ሰያፍ መስመር ያስፈልጋል። በስድስት ኮን ያ አይሆንም። ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን። ከግድግዳው መኪና ተነስታችሁ ፊታችሁን ወደሚመጡት መኪኖች አዙራችሁ ወደ እነሱ አቅጣጫ ሂዱ። በየ15 ሰፊ እርምጃው አንድ ኮን አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ካለፈው ትንሽ ወደ መንገዱ ዳር ይጠጋ። ስድስተኛው ልክ ዳር ላይ ይረፍ። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ትሪያንግሉን ይዛችሁ፣ ከብረቱ አጥር ማዶ ሆናችሁ፣ ሌላ 150 እርምጃ ሂዱና ዳር ላይ አቁሙት። መታጠፊያ ወይም ጉብታ ካለ ሒሳቡን እርሱት፤ ትሪያንግሉ ሹፌሩ ጉብታውን ከመውጣቱ በፊት ይታየው። ከጉብታው ወዲያ የተቀመጠ ትሪያንግል ሹፌሩ የሚያየው ሲጨፈልቀው ነው።

ኮን መኪና አያቆምም። ይህን በተደጋጋሚ ንገሯቸው። ኮን የሚሠራው የሚያይ ሹፌር ካለ ብቻ ነው። ለዚህ ነው «ዐይን» የምንለው ሰው የሚያስፈልገው። ዐይን አንድ ሰው ነው፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ አለ፤ ሥራው የሚመጡትን መኪኖች ማየት ብቻ ነው። ቃሬዛ አይዝም። ስልክ አያነሳም። ፎቶ አያነሳም። ሦስት ረጅም ፊሽካ ከነፋ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ወዴት? ይህን ዐይን የሆነው ሰው ሥራው ሳይጀመር በጣቱ ያሳያል። «ፊሽካ ከሰማችሁ በዚህ በኩል» ይላል። ድልድይ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በሌሊት ከብረቱ ወዲያ መሬት ያለ መስሎት ዘልሎ ገደል የሚገባ ሰው አለ። ድልድይ ላይ ማምለጫው ወደፊት ነው፣ ወደ ጎን አይደለም።

ስለ ድንጋይም ልበል። መኪና ሲበላሽብን ድንጋይና ቅጠል መደርደር የአባቶቻችን ትሪያንግል ነው። በቀስታ በሚነዳበት መንገድ ላይ ሰው ያተርፋል፤ አልነቅፈውም። በፈጣን መንገድ ላይ ግን ድንጋይ ራሱ አደጋ ነው። ሌላ ሰው የደረደረው ካለ በማስጠንቀቂያው ምትክ ኮን አኑራችሁ ድንጋዩን አንሱ።

ሲመሽ

ልምምዱን ሲመሽም ካላደረጋችሁ ግማሹን አልሠራችሁም። ሜዳው ላይ አንድ መኪና አጭር መብራት አብርቶ ይቁም። ሁለት ሰው ወደ ጨለማው ይሂድ፤ አንዱ የሥራ ልብሱን ብቻ ለብሶ፣ ሌላው አንጸባራቂ ሰደርያ ደርቦ። ሌሎቹ ሹፌሩ ወንበር ላይ እየተቀመጡ «አሁን ጠፋብኝ» የሚሉበትን ቦታ በእርምጃ ይለኩ። ቁጥሩን እኔ አልነግራቸውም። ራሳቸው ለክተው ጠዋት ከሰማነው የማቆሚያ 100 ሜትር ጋር ያነጻጽሩት። ጥቁር ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሱት ፖሊሶች ከዚያ በኋላ ሰደርያ ስጡን ብለው ይጠይቁኛል።

የመብራት ብዛት ደግሞ ሁሉም የሚሳሳትበት ነው። አራት መኪና ተሰብስቦ ሁሉም ቀይና ሰማያዊውን ሲያብለጨልጭ ደህና የተጠበቅን ይመስለናል። የሚመጣው ሹፌር ግን ዐይኑ ይታወራል፤ በመብራቱ ፊት የቆመው ሰው አይታየውም። ስለዚህ ወደሚመጡት መኪኖች የዞረ የፊት መብራት ይጥፋ። ግድግዳ የሆነው መኪና ብቻ ያብለጭልጭ፤ የሌሎቹ ይቀነስ።

ቦቴ ከሆነ

ይህን ለብቻው ግማሽ ቀን ስጡት፤ እኔ እዚህ ዋና ዋናውን ብቻ ልንገራችሁ። ከጂቡቲ ነዳጅ የሚጭነው ቦቴ በዚህ መንገድ ያልፋል። ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚደርሰው አምቡላንስ አይደለም፤ ጀሪካን የያዘ ሰው ነው። በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ባሃዋልፑር አቅራቢያ የተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሲቀዱ የነበሩ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በነሐሴ 2019 ደግሞ በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ሰዎቹ ነዳጁን የሚቀዱት ሊሸጡት ነው። እዚያ ላይ ማስፈራራት አይሠራም።

መኪናው ላይ ቁጥር ያለው ብርቱካንማ ሰሌዳ ካለ ከሩቅ አንብቡት። 1203 ቤንዚን ነው፤ 1202 ናፍጣ ነው። ነፋሱ ከጀርባችሁ ሆኖ፣ ከፍ ባለው በኩል ቁሙ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ቦይ ለቦይ እየተንከባለለ ሩቅ ይሄዳል፤ ሻይ የምታፈላ ሴት ከሰል ጋ ሊደርስ ይችላል። ገና ስትደርሱ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 50 ሜትር አጽዱ። ብዙ ከፈሰሰ ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል 300 ሜትር። እሳት ከነካው 800 ሜትር፤ ያኔ እናንተም ሂዱ። ቁስለኛ እያዩ መሄድ ከባድ ነው። ይህን የሚወስነው የእሳት አደጋው ኃላፊ እንጂ የአምቡላንሱ ልጅ ልብ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪኖችም በዝተዋል። ብርቱካንማ ገመድ አትንኩ። ባትሪው ከተቃጠለ ጠፋ ብላችሁ አትመኑ፤ ተመልሶ ይነሳል።

ጋዜጠኛ፣ ዘመድና የሚኒባስ ረዳት

በመጨረሻው ልምምድ ላይ እኔ ራሴ ተዋናይ እሆናለሁ። አንዴ የቁስለኛው ወንድም ነኝ፤ «በሚኒባስ እወስደዋለሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብዬ እጅና እግሩን ልይዝ እገባለሁ። አንዴ ስልኬን ደግኜ ላይቭ እገባለሁ። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ ይጮሁብኛል። እኔም እጮኻለሁ። ሲደክማቸው መንገዱን አሳያቸዋለሁ። ሕዝባችን የሚሰበሰበው ለመርዳት ነው። ሥራ ካልሰጡት ይገፋል። ስለዚህ ከመካከሉ አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ፈልጉ። «አባቴ፣ እባክዎ እነዚህን ልጆች ከብረቱ ማዶ ያድርጉልኝ» በሏቸው። ከፖሊስ በላይ ይሠሩላችኋል። ለወንድምየውም የምትሉት አለ፤ «ራሱ ጋ ቁም፣ ስሙን እየጠራህ አነጋግረው፣ አንገቱን ግን እንዳትነካ»።

አዛዡ አንድ ሰው ይሁን። ማን እንደሆነ ቀድሞ ተነጋገሩ። እሳት ወይም የፈሰሰ ነዳጅ ካለ የእሳት አደጋው፤ ከሌለ ትራፊኩ። ስለ ቁስለኛው የሚወስነው ባለሙያው ነው። የክሬኑ ሹፌር ቀና ብሎ አንድ ፊት ብቻ ይጠይቅ።

መነሳት

ሥራው ካለቀ በኋላም የሚመታ ሰው አለ። ቁስለኛው ሄዷል፣ ትጥቃችን ላልቷል፣ ቡና ያምረናል። ስለዚህ መነሳቱንም እንደ መድረሱ አስለማምዳለሁ። ኮኖቹ የሚሰበሰቡት ፊት ወደሚመጡት መኪኖች ዞሮ፣ ከቅርቡ ተጀምሮ ወደ ሩቁ ነው፤ ትሪያንግሉ የመጨረሻው ይሆናል። ግድግዳው መኪና ሰብሳቢው ከብረቱ አጥር ማዶ በእግሩ ተመልሶ እስኪገባ አይነቃነቅም። ዐይኑም ፊሽካውን አያወርድም። መስታወት ስብርባሪ፣ ድንጋይ፣ የተጣለ ጓንት ይለቀም። ከዚያ ኮኖቹ ይቆጠሩ፤ ስድስት ወጥተው አምስት ከተመለሱ አንዱ መንገድ ላይ አለ ማለት ነው፣ ይፈለግ።

መኪኖቹ ከመንገዱ ዳር ፍጥነት ይዘው ነው ወደ ረድፍ የሚገቡት፤ ከቆሙበት በቀጥታ አይገቡም። ፍሬቻ ያሳያሉ፣ መስታወት ያያሉ፣ ይገባሉ።

ሜዳው ላይ ይህን ስንጨርስ ጀበናው ይጣዳል። ሁሉም ስንት ጊዜ በካልሲ ኳስ እንደተመታ ይናገራል። ብዙ የተመታው ስኒ ያጥባል።